ፋንድያ የማትጥለው መኪና

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ጨው ከቆላ ወደ ደጋ በጀርባቸው በሚያመላልሱበት ዘመን፣ እመት አህዪት የምትባል ምላሰኛ አሮጊት አህያ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ዳገት ስትወጣ ስትወርድ ኖራ፣ አሁን የፊት ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። ይህን ከእሷ ቀድሞ ያወቀው አያ ጅቦ ነው። ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ ኮቴዋን ያዳምጣል። እሷም ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ የእሱን ኮቴ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ከመንገድ የቀረች እንደሆነ ምን እንደሚጠብቃት ማንም አልነገራትም፤ ማንም መንገር አላስፈለገውም።

አንድ ጠዋት ቀበሮ ከፏፏቴው አጠገብ ሁለት ነጫጭ መኪኖች አቁማ እንስሳቱን ሰበሰበች። ጭስ የላቸውም፣ ድምፅ የላቸውም። ከፏፏቴው ሥር የመጣ ወፍራም ገመድ ጎናቸው ላይ ተሰክቷል።

«ምንድን ነው የሚበሉት?» አለች እመት አህዪት።

«ኤሌክትሪክ፣ እመቤቴ። ውሃው ሲወድቅ የሚወለድ እሳት ነው። ጠዋቱን ተሰክተው ካረፈዱ ዳገቱን ወጥተው ይመለሳሉ።»

«ውሃ ደግሞ እሳት መውለድ ጀመረ? ፋንድያቸውንስ የት ይጥላሉ?»

«ፋንድያ የላቸውም።»

«እንግዲያው ታመዋል» አለች እመት አህዪት። «በልቶ የማይጥል ደህና ፍጥረት እስከ ዛሬ አላየሁም። ሆዳቸው ሳይነፋ አንድ ነገር አድርጊላቸው።»

እንስሳቱ ሳቁ። ቀበሮ አልተቆጣችም። ገመዱን ነቅላ ከአንደኛዋ መኪና ገባችና ሜዳውን ዞረችባት። መኪናዋ ጣሪያ ላይ አንዲት ወፍ አርፋ ነበር፤ ወፏ ክንፏን እንኳ ሳታነሳ አብራ ዞረች። የእመት አህዪት ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ፤ የሚሰሙት ግን አልነበረም። ሰማይ መሬት ላይ ወርዶ የሄደ መሰላት።

ቀበሮ ይህን አይታ ጠጋ አለች። «ዛሬውኑ ይውሰዷት እንጂ። አሁን ጥቂት ጨው ይሰጡኛል፣ የቀረውን አዲስ ጨረቃ በወጣች ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይከፍላሉ።»

«እስክጨርስ የማን ናት?»

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ያው፣ እስከዚያ በእኔ ስም ናት። ቢያጎድሉ እወስዳታለሁ፤ የከፈሉት ይቀራል። ጉዳት ከደረሰባት ደግሞ በጉልበትዎ ይክሳሉ።»

«ልጄ፣ እኔ በገመድ ነው ያደግሁት» አለች እመት አህዪት። «ጫፉ በሌላ እጅ የሆነ ገመድ ምን እንደሆነ አንቺ አትነግሪኝም። ሙሉውን ከፍዬ እወስዳታለሁ፤ አለዚያ ትቅርብኝ።»

ለዓመታት ከድርሻዋ እየቀነሰች፣ ምራቋን እየዋጠች፣ አንዴ እንኳ ሳትልሰው ዋሻ ውስጥ የደረደረችው ጨው ነበራት። ዋጋውን ለመሙላት አንድ ጉዞ ብቻ ይቀራታል። ችግሩ ያንን አንድ ጉዞ ጉልበቷ ይችለው እንደሆነ ነው።

አያ ጅቦ ግን ጭራሽ አላሰበበትም። ሁሉንም ገፍቶ መጣና አንድ የፍየል ቅልጥም ለቀበሮ ወርውሮ፣ የቀረውን ቀስ ብሎ ሊከፍል ተስማምቶ ሁለተኛዋን መኪና ወሰደ። በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «እመት አህዪት፣ ጉልበትሽ የከዳሽ ዕለት በእግሬ አልመጣም፤ ተቀምጬ ነው የምመጣልሽ» አላት።

«መምጣቱን ና፤ ብቻ እስከዚያ ወንበሩን እንዳታኝከው» አለችው።

የመጨረሻው ጉዞ ቀን ደረሰ። እመት አህዪት ጨው ተጭና ዳገቱን ጀመረች። አያ ጅቦም መኪናዋን ከፏፏቴው ገመድ ጋር ሰክቶ ሊጠብቅ ቁጭ አለ። ዳሩ ግን ጅብ ሌላው ሲበላ ቆሞ ማየት አይሆንለትም። «መኪናዋ እየጠገበች እኔ ልራብ?» ብሎ ገመዱን ነቅሎ ተነሳ።

ዳገቱ ከሚከብድበት ቦታ ላይ የእመት አህዪት ጉልበት ከዳት። ተንበረከከች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፤ ምንም ኮቴ የለም። «እፎይ» ብላ ትንፋሿን ሳትጨርስ ነጩ ነገር እንደ ጥላ መጥቶ ጎኗ ላይ ቆመ። ዕድሜዋን ሙሉ ያዳኗት ጆሮዎች ምንም አልነገሯትም። ከመስኮቱ ጥርስ ብቻ ታየ።

አያ ጅቦ ትንሽ ጠጋ ለማለት መኪናዋን ነካ አደረጋት። ንቅንቅ የለም። ወርዶ ገፋት፤ ረገጣት፤ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተታት። ትንፋሽ የላትም፣ ሙቀት የላትም።

«መኪናዋ ሞታለች» አለ።

ጅብ እንግዲህ የሞተ አጠገቡ ካለ ሕያው አይታየውም፤ ሌላ ጅብ ሳይደርስበት መጨረስ አለበት። ወንበሩን ጀመረ፣ ጎማውን አስከተለ፣ ሽቦውን እንደ ጅማት መዘዘው። እመት አህዪት አንድ እግር፣ ደግሞ አንድ እግር እያለች ተነሳች። ጨውን አልጣለችም። አያ ጅቦም ቀና አላለም።

ቀበሮ ስትደርስ የቀረው ቆርቆሮ ብቻ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ መኪናዬስ?»

«ሞታ አገኘኋት።»

«ርቧት ነበር እኮ።»

«እኔንም ርቦኝ ነበር።»

ቀበሮ አልተከራከረችም። አንገቱ ላይ ገመድ አግብታ ጫፉን ያዘች፣ ጀርባው ላይ ጭነት ጫነች፣ ወደ ዳገቱ መራችው።

እመት አህዪት ጨውን በሙሉ አስረክባ የቀረችውን መኪና ተረከበች። ጠዋቱን ሙሉ ከፏፏቴው ጋር ሰካቻትና እሷም አጠገቧ ሣር እየጋጠች አረፈደች። ከዚያ ገብታ ተነሳች።

በዚያ ዳገት ጎን ወንዝ እንዳለ አታውቅም ነበር። የራሷ ኮቴና የራሷ ትንፋሽ ሸፍነውት ኖረዋል። አሁን ውሃው ከድንጋይ ድንጋይ ሲንሿሿ ሰማችው፤ ንብ ከአበባ ላይ ስትነሳ ሰማች። አናቱ ላይ ደርሳ ዞር ስትል የጨው ሜዳው ከታች ሰማይ የተኛበት መስሎ ነጥቶ ተዘርግቷል። ከዚያ ሁሉ ስፋት እየተቆረሰ በጀርባዋ የወጣውን ስታስብ ከመኪናዋ ወርዳ ሜዳውን ቁልቁል ተመለከተችው።

ስትመለስ አያ ጅቦ ተጭኖ እያለከለከ ሲወጣ አገኘችው። ጆሮውን አቁሞ የሚያውቀውን ኮቴዋን ይፈልጋል። ጎኑ ድረስ መጥታ ቆመች፤ አልሰማትም።

«አያ ጅቦ» አለችው በዝግታ፣ «ጉልበትህን ጠብቅ። ይህን ዳገት አውቀዋለሁ፤ ሲደክሙ ከኋላ የሚከተል አይጠፋበትም።»

ከዚህ የምንማረው ዛሬ በእጃችን ቢገባም ከፍለን ያልጨረስነው ነገር ጫፉ ሌላ እጅ ያለ ገመድ መሆኑን፣ ድምፁን ያልሰማነውንም አዲስ ነገር ሞቷል ወይም ታሟል ከማለታችን በፊት ቀርበን አኗኗሩን መረዳት እንደሚገባን ነው።