እሺ ባዩ ተማሪና የማማዋ ሴትዮ

አንድ እሺ ማለት የሚወድ ልጅ ነበር። ስሙ ይትባረክ ነው። ገና «አንተ» ሲሉት «እሺ» ይላል። አባቱ «ሂድና...» ብለው ሳይጨርሱ እሱ በሩ ጋ ደርሷል። የት እንደተላከ ግን አያውቅም። አንዴ መዶሻ ተውሶ እንዲመጣ ጎረቤት ልከውት፣ ሰዎቹን ሰላም ብሎ ባዶ እጁን ተመልሷል። ቢሆንም ሰፈሩ በሙሉ ይመርቀው ነበር። «ልጅ ማለት እንዲህ ነው፤ ሁለቴ አያስወራም» ይሉታል። እሱም «ምን አሉኝ?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ ሰው መድፈር ይመስለው ነበር።

ይሄ ልጅ አደገና አውሮፕላን ማብረር ሊማር ገባ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

መጀመሪያ ውጭውን እያየ ማብረር ተማረ። ቀጥሎ ከባዱ መጣ፤ ውጭውን ሳያዩ፣ ፊት ለፊት ያሉትን መሳሪያዎች ብቻ እያዩ መብረር። ዓይን ተሸፍኖ እንደመራመድ ነው። አየር ማረፊያው ማማ ላይ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ «ወደ ቀኝ ዙር፣ ውረድ፣ ቆይ» ይልሃል፤ አንተ ትሰማለህ። (ሬዲዮ ላይ የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ እንዲጥማችሁ ብዬ በአማርኛ አድርጌዋለሁ።)

ማማው ላይ ወይዘሮ ትርንጎ ነበሩ። እሳቸው ትእዛዝ ከሰጡ በኋላ አብራሪው የሰማውን መልሶ ካልነገራቸው አይለቁም። ህጉም እንደዛ ነው የሚለው። ሌላው ተቆጣጣሪ ተማሪ ሲያሳዝነው አንዳንዴ ያልፋል። እሳቸው ግን ሞተው ነው ቆመው!

ተማሪዎቹ «እመት ድገመው» የሚል ስም አወጡላቸው። አንድ ቀን ጓደኛው ኪሩቤል ይትባረክን «ወንድ ከሆንክ ነገ ከእሺ ሌላ ምንም ሳትመልስላቸው በረራውን ጨርስ» አለው። የተሸነፈ የሌላውን ካልሲ ሳምንት ሙሉ ያጥባል። የኪሩቤልን ካልሲ ብታውቁት ኖሮ ውርርዱ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ ይገባችሁ ነበር።

በማግስቱ ይትባረክ ከአስተማሪው ከካፒቴን ሸዋንግዛው ጋር ተነሳ። ሰማዩ ደመና ብቻ ነበር። በመስኮት ሲያዩ ነጭ፣ ደግመው ሲያዩ ነጭ።

«አስራ ሁለት ሺህ ጫማ ላይ ቆይ። እስክነግርህ እንዳትወርድ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ በሬዲዮ።

ሌላ ቀን እዚህ ቦታ ሲደርስ ሁሌ የሚባለው «ወደ አስር ሺህ ውረድ» ነው። ይትባረክ ደግሞ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ አይጠብቅም። የዛሬውን ትቶ የለመደውን ያዘ።

«እሺ» አለ።

ካፒቴኑ እሺታውን ሲሰሙ ገብቶታል ብለው ወደ ወረቀታቸው ዞሩ። የተማሪውን ጠባይ እየሞሉ ነበር። «ታዛዥ ነው» ብለው ጻፉ።

«እሺ ምን?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«እሺ እመቤቴ!»

«እመቤትነቴን አላጣሁትም። ምን አልኩህ?»

«እሺ አልኩ እኮ።»

«እሺ ከፍታ አይደለም ልጄ። ስንት ሺህ ጫማ ላይ ነው የምትሆነው? መልሰህ ንገረኝ።»

ይትባረክ ካልሲው ታየው። እጁ ለመውረድ መሪውን ወደ ፊት መግፋት ጀምሯል።

«መልስ እንጂ!»

ደነገጠ። «ወደ አስር ሺህ እየወረድኩ ነው» አለ።

«አቁም! እዛው አስራ ሁለት ሺህ ላይ! ከስርህ መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን እያለፈ ነው!»

ካፒቴኑ እስክሪብቷቸውን ወርውረው መሪውን ያዙና አውሮፕላኑን ቀና አደረጉት። ትንሽ ቆይቶ ደመናው ለአፍታ ተከፈተ። ከስራቸው አንድ አውሮፕላን ሲያልፍ ታየ። ይትባረክ የመስኮቶቹን ብዛት አየ። ከእያንዳንዱ መስኮት ጀርባ ሰው አለ።

«አስራ ሁለት ሺህ ላይ ነኝ። እስኪነግሩኝ አልወርድም» አለ።

«ትክክል» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

ሲያርፉ ካፒቴኑ «እሺ ስትል እኮ የገባህ መሰለኝ» አሉት።

«እኔም እርስዎ ዝም ሲሉ ልክ የሆንኩ መሰለኝ» አላቸው።

ሁለቱ እርስ በርስ ተማምነው፣ አንዳቸውም በደንብ ሳይሰሙ ቀርተው ነበር።

ይትባረክ የማማውን ደረጃ እየሮጠ ወጣ። ወይዘሮ ትርንጎ ፈረቃቸውን ጨርሰው ቆሎ እየቆረጠሙ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ስም አውጥተንልዎት ነበር።»

«እመት ድገመው፣ አይደል? የሬዲዮውን ቁልፍ እንደተጫናችሁ እኮ ነው ድምጼን የምታስመስሉት። ያንተስ ደህና ነው፤ ያ ጓደኛህ ግን እንደ ፍየል ነው የሚያስጮኸኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«ስለ ምኑ?»

«ስለጨቀጨቁኝ።»

ሳቁ። ከዛ ቆሎ ዘገኑለት። «አየህ፣ እዚህ ሆኜ አውሮፕላንህ የት እንዳለ በራዳሩ ይታየኛል። ጭንቅላትህ ውስጥ ያለው ግን አይታየኝም። እሱን የማየው አንተ መልሰህ ስትነግረኝ ብቻ ነው» አሉት።

ይትባረክ ውርርዱን ተሸነፈና የኪሩቤልን ካልሲ ሳምንት ሙሉ አጠበ። እያፏጨ ነው አሉ ያጠበው። በህይወት ያለ ሰው ካልሲ ማጠብም ይጥመዋል።

እሺ ጥሩ ቃል ነው። ሳይገባን የምንለው እሺ ግን አክብሮት አይደለም፤ የሚያናግረንን ሰው ጨለማ ውስጥ ትቶ መሄድ ነው። «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ማለት አያሳፍርም። «እስቲ ምን አልኩሽ?» እያለ የሚያደርቀን ሰው ላይ ደግሞ አፋችንን እናጣምማለን፤ ግን እኮ እኛ የማናየውን እያየልን ሊሆን ይችላል። እንደዚህ ያለ ሰው ያለው እድለኛ ነው።

እናንተን ሁሌ የሚጨቀጭቃችሁ ማነው? አመስግናችሁት ታውቃላችሁ?