ጠፍሩ የተፈታለት አግዳሚ

አንድ ንጉሥ ምሰሶ የሌለው አዳራሽ አማረው። ግብር ሲያበላ ከምሰሶ ኋላ ተከልሎ የሚያማው አለ ብለው ነግረውታል፤ ከዳር እስከ ዳር የሰው ሁሉ ፊት እንዲታየው ፈለገ። ምሰሶ ከሌለ ግን ጣሪያውን የሚሸከም ረጅምና ወፍራም አግዳሚ እንጨት ያስፈልጋል። በግዛቱ ያን ያህል የሚረዝም ዛፍ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም በአንዲት ትንሽ መንደር፣ ከምንጭ ራስ ላይ የቆመ ዝግባ ነው። መንደርተኛው ውሃ የሚጠጣው ከዚያ ምንጭ ነው። ጎረቤት መንደር የራሱን ዛፍ ቆርጦ ምንጩ ሲደርቅበት አይተዋልና፣ ዝግባው ከወደቀ ምን እንደሚከተል የማያውቅ አልነበረም።

ንጉሡ የላካቸው ቆራጮች መጥረቢያ ይዘው ሲመጡ ከዛፉ ፊት የቆመችው ደብሪቱ ናት። ደብሪቱ አናጢ ነበረች። ባሏ ሲሞት ወንድሞቹ መጋዙንና መላጊያውን ሊካፈሉ ቢመጡ፣ «እናንተ ሚስማር ስትመቱ የምታገኙት ጣታችሁን ነው» ብላ አስቀርታው፣ ከዚያ ወዲህ በመሣሪያው የምትሠራው እሷ ናት። ቆራጮቹን «ሳትነኩት ቆዩኝ» ብላ በቀጥታ ንጉሡ ዘንድ ሄደች።

«ጃንሆይ፣ ከዛፉ የማያንስ አግዳሚ ከሳንቃ ገጣጥሜ አመጣለሁ። ዝግባውን ይተዉልን።»

ንጉሡ ሳቀ። «ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ እንዳይሰበር። ሁለተኛ እንዳይጎብጥ። ወታደሮቼ ሲራመዱበት መሐሉ ላይ ያስቀመጥኩት ብርሌ ጠጅ ጠብ ማለት የለበትም። ጠብ ካለ ዛፉ ይወድቃል።»

መንደርተኛው ሳንቃ አዋጣ፤ ያዋጣው ግን እየሰሰተ ነው። «እትዬ ደብሪቱ፣ አደራሽን፣ የአባቴ አልጋ ሳንቃ ነው፤ እንዳትፍቂው» አለች አንዷ። «ንጉሡ አይቶ ሲያበቃ መልሺልኝ» አለ ሌላው። የመንደሩ ባለጸጋ ግራዝማች ደርሶ ደግሞ ሰፊውን የዋንዛ በሩን ትቶ የጎተራ ክዳን ላከ፤ እሱንም ስሙን በከሰል ጽፎበት። ሰውን ላለማስቀየም እሺ ማለት የደብሪቱ አመል አልነበረም፤ ያን ቀን ግን እሺ አለች። ሳንቃውን ሳትፍቅ፣ ሳትነካ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርባ በእርጥብ የቆዳ ጠፍር አሰረችው። ጠፍሩ ሲደርቅ ጥብቅ አለ። ጫፍና ጫፉን በመጋዝ አስተካክላ ቆረጠችና አስጭና ሄደች።

በግቢው አግዳሚው በሁለት የድንጋይ ካብ ላይ ተጋደመ። ወታደሮቹ ወጡበት። አልተሰበረም። ሲራመዱበት ግን እንደ አሮጌ አልጋ አረገረገ፤ መሐሉ ጎበጠ፣ ብርሌውም ተደፋ።

«አልተሰበረም እኮ ጃንሆይ! ጎንበስ ነው ያለው» አለች ደብሪቱ። «ሰው ሲጎነበስልዎ ደስ ይልዎት የለም?»

«ሰውስ ይጎንበስልኝ፤ ጣሪያ ግን እንዲጎነበስብኝ አልፈልግም» አለ ንጉሡ። ሳቁ ሲያልቅለት፣ «ስላሳቅሽኝ እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ከዚያ በኋላ መጥረቢያ ነው» አላት።

ደብሪቱ ወዲያው አልሄደችም። ወታደሮቹ ገና እላዩ ላይ ቆመው ሳለ የአግዳሚውን ጫፍ ጎንበስ ብላ አየች። አስተካክላ የቆረጠችው ጫፍ እንደ ደረጃ ወጣ ገባ ሆኗል። ሸክሙ ሲመጣ እያንዳንዱ ሳንቃ በጎረቤቱ ላይ ተንሸራቶ ለብቻው ጎብጧል። ጠፍሩ ከመበታተን ጠብቋቸዋል፤ ከመንሸራተት ግን አላዳናቸውም።

መንደር ስትመለስ ጭቅጭቅ ጠበቃት። አንዱ የሌላውን ሳንቃ ይወቅሳል። «ዝም በሉ!» አለች። «ሁላችሁም ጎብጣችኋል። አሁን መላጊያዬን ስያለሁ። እያንዳንዱን ሳንቃ እፍቃለሁ፤ ሻካራና አቧራ ላይ ሙጫ አይዝም። የአንዱ ጉጥ የሌላው ጉጥ ላይ እንዳይውል አሰባጥሬ አጣብቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ይሄ የኔ ነው፣ ይሄ ያንተ ነው የለም። የሚመለስም የለም።»

«የኔን በር?» አለ ግራዝማች ደርሶ። «በሬ ተፍቆ ከድሃ አልጋ ጋር ሊጣበቅ?»

«ይቅርብዎ ግራዝማች። ምንጩ ሲደርቅ ውሃ በበርዎ ይቀዱበታል።»

በሩን ነቅላ ያመጣችው ሚስቱ ናት። «ሌባ ቢገባስ?» ብሎ ሲከተላት፣ «ምን ሊወስድ? ሰውየው፣ የምትሳሳለት እኮ በሩ ብቻ ነበር!» አለችው።

ደብሪቱ ቆዳና ሰኮና ቀቅላ ሙጫ አወጣች። ሳንቃው ሁሉ ተላገ፤ በከሰል የተጻፈው ስምም፣ የቤቱ ጥላሸትም ፍቅፋቂ ሆኖ ወደቀ። ቀባች፣ ደራረበች፣ በጠፍር ወጥራ አሰረች፣ ድንጋይ ጫነችበት። ሙጫው ሲደርቅ ጠፍሩን በጠቅላላ ፈታችው።

ፋሲካ ሲደርስ መንደርተኛው ሁሉ አግዳሚውን ተሸክሞ ግቢ ገባ። ንጉሡ ዞሮ አየውና፣ «ጠፍሩስ?» አለ።

«ፈታሁት ጃንሆይ። ሥራው ሙጫው እስኪይዝ ነበር።»

«ደፋር ነሽ። እንግዲያው ሳንቃ የሰጡት ሁሉ ከሥሩ ይቁሙ።»

ሰዉ ተያየ። መጀመሪያ ደብሪቱ ገባች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ግራዝማች ደርሶ አንጋጦ ጫፍ እስከ ጫፍ ቃኘ። በሩን ፈልጎ፣ ደህና ያለውን የራሱን ሳንቃ ለይቶ ከዚያ ሥር ሊቆም ነበር። አላገኘውም።

«የኔ የቱ ነው?» አለ በሹክሹክታ።

«ሁሉም» አለች ደብሪቱ። «ይግቡ።»

ገባ። ወታደሮቹ ወጡ፤ ተራመዱ፤ ንጉሡ «ዝለሉበት!» ቢላቸው ዘለሉ። አግዳሚው ቀጥ እንዳለ ቀረ፤ መሐሉ ላይ ከተቀመጠው ብርሌም ጠጅ ጠብ አላለም። ንጉሡ ብርሌውን አንስቶ ጠጁን ራሱ ጠጣና ቆራጮቹን ጠራ። «ዝግባው ይቆይ፤ መጥረቢያችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አላቸው።

በመጀመሪያው አግዳሚ ውስጥ የነበረው ሳንቃ አብዛኛው በሁለተኛውም ነበረ። የእነዚህ ሳንቃዎች ጥንካሬ ያኔም አልጎደለም። የጎደለው ሸክም ሲመጣ አብሮ መቆም ነው። እኛም በማኅበሩ፣ በትዳሩ፣ በአገሩም አንድ ነን ስንል ብዙ ጊዜ ታስረናል ማለታችን ነው፤ እላያችን ላይ የሚቆም እስኪመጣ ድረስ የታሰረና የተጣበቀ አይለይም። ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ወደ ራሱ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ጎረቤቱን ይወቅሳል። መጣበቅ የፈለገ መፋቅን ይቻል። «አልነካ፣ አልፋቅ፣ ግን አብሬ ልቁጠር» የሚል ሰው ጠፍር የሚፈልግ ሰው ነው።

እርስዎስ አንባቢዬ፣ ካሉበት ቤት ዛሬ ጠፍሩ ቢፈታ፣ ቆመው ይገኛሉ?