ሰውዬው ከወንዝ ሳይወጣ

ሥራ የሌለው ይቀመጥ፣ ሥራ ያለውም ትንሽ ይረፍ። የሰማሁትን ልንገራችሁ። መሀል ላይ ግራ ቢገባችሁ አትፈሩ፤ ባለጉዳይዋም ግራ ገብቷት ነው የዋለችው።

አንዲት የጠረፍ ከተማ ነበረች። በመሀሏ የኬላ ገመድ ተዘርግቷል፤ ከገመዱ ወዲህ አንድ አገር፣ ከገመዱ ወዲያ ሌላ አገር። ወዲህ ያለው ቤተ መጻሕፍት ቤት አለው፤ መጽሐፉ ቁጭ ይላል፣ ሰው ወደ እሱ ይሄዳል። ወዲያ ያለው ቤተ መጻሕፍት ቤት የለውም፤ ሰው ቁጭ ይላል፣ መጽሐፉ በግመል ተጭኖ ይመጣለታል። የትኛው ይሻላል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ በዚህ ጉዳይ የተኳረፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ። ሁለቱ ቤተ መጻሕፍት ግን እንደ ጎረቤት ይዋዋሳሉ።

ወይዘሮ ብርቄ ቤቷ ከገመዱ ወዲህ ነው። ባሏ ደባልቄ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እሷ መጽሐፍ ታነብለታለች። አሁን ደግሞ ሆዱ ውስጥ እብጠት ተገኘበትና ሐኪሞቹ ዛሬ ነገ ሳይባል ይውጣ፣ አለዚያ አይተርፍም አሉ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስደው መኪና የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የሚያነቡት ልብ ወለድ ሁለት ቅጽ ነው፤ የመጀመሪያው ቅጽ ያለቀው ደግሞ አንድ በቅሎ ነጋዴ በሞላ ወንዝ መሀል የበቅሎውን ጭራ ይዞ እየተንሳፈፈ ነው።

«ሰውዬውን ወንዝ ውስጥ ትቼ የትም አልሄድም» አለ ደባልቄ።

«አንተ ሰውዬ፣ እሱ እኮ የመጽሐፍ ሰው ነው!»

«የመጽሐፍ ሰው ሰው አይደለም? መኪናውን መልሺው።»

ብርቄ አልተቆጣችም። ሐኪሙን መፍራቱን፣ ፈራሁ ማለትም እንዳቃተው ታውቃለች። እሷም ፈርታለች፤ ያለ እሱ መኖርን አስባው አታውቅም። ነጠላዋን አጣፍታ ሁለተኛውን ቅጽ ፍለጋ ወጣች።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ጌዴዎን መደርደሪያውን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ወይዘሮ ብርቄ፣ ሁለተኛው ቅጽ ወጥቷል። ልብስ ሰፊው ኑርሁሴን ጋ ነው።»

ልብስ ሰፊው ጋ ሄደች። ኑርሁሴን የሙሽራ ቀሚስ ይሰፋል፤ መጽሐፉ የስፌት ማሽኑ አጭር እግር ስር ተጋድሟል።

«ጋሽ ኑርሁሴን፣ አንብበው ጨርሰዋል?»

«እኔ? ርዕሱንም አላየሁት። ውፍረቱን አይቼ ነው የተዋስኩት፣ ልክ የጎደለውን ያህል ነው። እህቴ፣ እሱን ካወጣሁት ማሽኑ ያነክሳል፤ ማሽኑ ካነከሰ የሙሽራዋ ስፌት ይጣመማል። አናጺው የማሽኑን እግር እንዲያበጅልኝ ንገሪልኝና መጽሐፍሽን ውሰጂ።»

አናጺው ጥላዬ አንድ ወንበር ፊቱ አስቀምጦ አገጩን ይዞ ተክዟል። ብርቄ በር ላይ ቆማ ነገረችው፦ «ደባልቄ መኪና አይገባም፣ ሰውዬው ከወንዝ ሳይወጣ። ሰውዬው ከወንዝ አይወጣም፣ መጽሐፉ ሳይመጣ። መጽሐፉ አይመጣም፣ የማሽኑ እግር ሳይበጅ። እባክህ ልጄ፣ እግሩን አብጅልን!»

«እትዬ ብርቄ፣ በደስታ ነበር። ግን የጀመርኩትን ሳልጨርስ ሌላ ሥራ እንዳልነካ ለባለቤቴ ምያለሁ። ቤቱን ግማሽ ጠረጴዛ ሞላኸው ብላ ልትሄድብኝ ነበር። ይህን ወንበር ከወዲያኛው አገር መጽሐፍ አይቼ ጀመርኩት፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ግን ሥዕል የለውም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ቋንቋቸውን ደግሞ አልችልም። ቲቸር ታደለች ቋንቋውን ታስተምራለች፤ እሷ ትፍታልኝ፣ እኔም ወንበሩን ልጨርስ።»

ቲቸር ታደለች ገጹን አንድ ጊዜ አነበበችው፣ ሁለተኛም አነበበችው። ብርቄም እስከዚያው ነገሯን ታወራለች፦ «ደባልቄ መኪና አይገባም፣ ሰውዬው ከወንዝ ሳይወጣ። ሰውዬው አይወጣም፣ መጽሐፉ ሳይመጣ። መጽሐፉ አይመጣም፣ የማሽኑ እግር ሳይበጅ። እግሩ አይበጅም፣ ወንበሩ ሳያልቅ። ወንበሩ አያልቅም፣ ጽሑፉ ሳይፈታ።»

«አንዲት ቃል ብቻ አቃተችኝ» አለች ቲቸር። «ገምቼ ልንገረው እችላለሁ፤ ግምቱ ከተሳሳተ ግን ወንበሩ ሰው ይጥላል። መዝገበ ቃላቱን ደግሞ ከወዲያ ያሉት ተውሰውታል። በግመሏ ላይ ነው ያለው።»

ብርቄ ገመዱን ተሻገረች። የኬላው ጠባቂ «ወዴት ነው?» ቢላት «ግመሏ ላይ የቀረ ቃል አለ» አለችው። እሱም ግራ ገብቶት አሳለፋት።

ግመሏ ከአንድ ዋርካ ጥላ ስር ቀጥ ብላ ቆማለች። ጀርባዋ ላይ የመጻሕፍት ሳጥን ታስሯል። ባለቤቷ ጋልማ፣ ደቃቃ ሰው ነው፣ ስሯ ቆሞ ይለምናታል። ከዚህ ወዲያ የብርቄ ምላስ ተሳሰረ፤ እኔም አልፈርድባትም።

«ልጄ፣ ደባልቄ ከወንዝ አይወጣም፣ ሰውዬው መኪና ሳይገባ…»

«ሰውዬው መኪና ያለው ነው?»

«አይ፣ ሰውዬው በቅሎ ያለው ነው። ቆይ። ደባልቄ መኪና አይገባም፣ ሰውዬው ከወንዝ ሳይወጣ። ሰውዬው አይወጣም፣ መጽሐፉ ሳይመጣ። መጽሐፉ አይመጣም፣ እግሩ ሳይበጅ።»

«የበቅሎው እግር ነው የተሰበረው?»

«የማሽኑ! እግሩ አይበጅም፣ ወንበሩ ሳያልቅ። ወንበሩ አያልቅም፣ ጽሑፉ ሳይፈታ። ጽሑፉ አይፈታም፣ መዝገበ ቃላቱ ሳይገኝ። በል ሳጥኑን አውርድልኝ።»

ጋልማ አልሳቀም፤ የራሱ ችግር በዝቶበታል። «እናቴ፣ ሳጥኑ የሚወርደው ግመሏ ስትንበረከክ ነው። ግመሏ የምትንበረከከው ደግሞ ጨው ስትልስ ነው። ጨዌ አልቋል። ተሳፋሪው ሳይሆን ተሽከርካሪው አኮረፈ ማለት ነው። እዚያ ገበያው ውስጥ ሐሊማ አለች፣ ጨው የምትሸጠው። ከእሷ አምጪልኝ።»

ሐሊማ የጨው ጆንያዋን እንደታሰረ አስቀምጣ፣ ጀርባዋን ለገበያው ሰጥታ ተቀምጣለች። ብርቄ አጠገቧ ቁጭ አለች፤ እግሯም ልቧም ደክሞ ነበር። ፀሐይዋ ከአናቷ ማዘንበል ጀምራለች፣ መኪናውም እየመጣ ነው።

«እህቴ፣ ደባልቄ መኪና አይገባም፣ ሰውዬው ከወንዝ ሳይወጣ። ሰውዬው አይወጣም፣ መጽሐፉ ሳይመጣ። መጽሐፉ አይመጣም፣ እግሩ ሳይበጅ። እግሩ አይበጅም፣ ወንበሩ ሳያልቅ። ወንበሩ አያልቅም፣ ጽሑፉ ሳይፈታ። ጽሑፉ አይፈታም፣ መዝገበ ቃላቱ ሳይገኝ። መዝገበ ቃላቱ አይገኝም፣ ግመሏ ሳትንበረከክ። ግመሏ አትንበረከክም፣ ጨው ሳትልስ። ጨው ሽጪልኝ።»

ሐሊማ ዞር ብላ አየቻት። «ዛሬ ጆንያ አልፈታም። ልቤ ታስሯል። ከናንተ ቤተ መጻሕፍት፣ ከፎቶ ሳጥኑ ውስጥ፣ የድሮው ገበያ ፎቶ አለ አሉኝ። እናቴ እዚያ ውስጥ ጨው ይዛ ተቀምጣለች አሉኝ። እኔ በልጅነቴ ነው የሞተችብኝ፣ መልኳን አላውቀውም። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ኃላፊውን ለመንኩት። አይታይም አለኝ። የእናቴን ፊት እሱ ቆልፎበት እኔ ለማን ብዬ ልሽጥ?»

ብርቄ ተነሣች፣ ገመዱን መልሳ ተሻገረች፣ ከጀመረችበት በር ደረሰች። አቶ ጌዴዎን ከመነጽሩ በላይ አያት።

«ወይዘሮ ብርቄ፣ መጽሐፉን ልብስ ሰፊው ሰጠዎት?»

«አልሰጠኝም። እርስዎ ነዎት የከለከሉኝ።»

«እኔ?»

«እርስዎ! ደባልቄ መኪና አይገባም፣ ሰውዬው ከወንዝ ሳይወጣ። ሰውዬው አይወጣም፣ መጽሐፉ ሳይመጣ። መጽሐፉ አይመጣም፣ እግሩ ሳይበጅ። እግሩ አይበጅም፣ ወንበሩ ሳያልቅ። ወንበሩ አያልቅም፣ ጽሑፉ ሳይፈታ። ጽሑፉ አይፈታም፣ መዝገበ ቃላቱ ሳይገኝ። መዝገበ ቃላቱ አይገኝም፣ ግመሏ ሳትንበረከክ። ግመሏ አትንበረከክም፣ ጨው ሳትልስ። ጨው አይሸጥም፣ ፎቶው ሳይታይ። ፎቶው ያለው ማን ጋ ነው?»

አቶ ጌዴዎን ጣቱን እያጠፈ ተከተላት፣ ግመሏ ላይ ሲደርስ ጠፋበት፣ እንደገና አስጀመራት። ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው እንጂ። «አንድ ጊዜ አንዱ በቅባት ጣቱ ነክቶ የአንዲት ሙሽራ ፊት ጠፋ። የሩቅ አገር ባለሙያዎች ይህን ሲሰሙ ደንብ ላኩልን፦ ፎቶ ያለ ነጭ ጓንት አይነካም። ደንቡ መጣ፣ ጓንቱ ግን አልመጣም። ሳጥኑን ቆልፌ እጠብቃለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እሱን አልጻፉም።»

ብርቄ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማልቀስም አማራት፣ መሳቅም አማራት። ፎቶው አይታይም፣ ጓንት ሳይገኝ። ጓንት ምንድን ነው? ጨርቅ ነው። ጨርቅ ማን ይሰፋል? ብድግ ብላ ሮጠች፤ እየሮጠች ግን ነገሩ መልሶ ዞረባት፣ የማሽኑ እግር አጭር ነው፣ እግሩ ሳይበጅ ጓንቱ እንዴት ይሰፋል?

«ጋሽ ኑርሁሴን፣ ማሽንዎ እያነከሰ ነጭ ጓንት መስፋት ይችላል?»

«ማን አነከሰ? መጽሐፍሽ ስሩ አለ አይደል!» አለ ኑርሁሴን።

ከሙሽራዋ ቀሚስ የተረፈውን ቁራጭ አንሥቶ፣ እጁን ጨርቁ ላይ ዘርግቶ ለክቶ፣ በመጽሐፉ ላይ ቀጥ ብሎ በቆመው ማሽን ጓንቱን ሰፋው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው ሁለቱም የግራ እጅ ሆነው ወጡ። ብርቄ ወስዳ ስትሰጠው አቶ ጌዴዎን አጠለቃቸው። ቀኝ አውራ ጣቱ ቦታ አጥታ ስትንከራተት እያየ «ደንቡ ነጭ ነው የሚለው፣ ቀኝ አይልም» አለ። ከዚያም ደንቡ ላይ የሌለ ነገር አደረገ። ሐሊማ እስክትመጣ አልጠበቀም፤ ፎቶውን በሁለት የግራ እጁ እንደ ሕፃን አቅፎ ገመዱ ድረስ ሄደ።

ብርቄ ጠርታት ሐሊማ ከገመዱ ማዶ ሆና አየችው። ፎቶው ውስጥ አንዲት ወጣት እግሯን አጣጥፋ፣ ፀሐይ ዓይኗን እየወጋት፣ ከጨው ክምር ኋላ ተቀምጣለች።

«ልጅ ናት» አለች ሐሊማ። «እናቴ ልጅ ናት! ከልጄ ታንሳለች።» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ብርቄም አለቀሰች። አቶ ጌዴዎን በጓንቱ ዓይኑን ሊጠርግ ብሎ ደንቡ ትዝ አለውና ተወው።

ከዚህ በኋላ እኔን አትያዙኝ፣ ነገሩ ራሱ ሮጠ። ፎቶው ታየ፣ ጆንያው ተፈታ። ጨዉ መጣ፣ ግመሏ ላሰች። ግመሏ ላሰች፣ ተንበረከከች። ተንበረከከች፣ ሳጥኑ ወረደ። ሳጥኑ ወረደ፣ መዝገበ ቃላቱ ተገኘ። መዝገበ ቃላቱ ተገኘ፣ ጽሑፉ ተፈታ። ያቺ የከበደች ቃል «ይደር» ማለት ሆና ተገኘች፤ ሙጫው ይደር ነው የሚለው። የጥላዬ ወንበር ሙጫ ካደረ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ወንበሩ ለካ አልቋል! ወንበሩ አለቀ፣ እግሩ ተበጀ። እግሩ ተበጀ፣ መጽሐፉ ወጣ። ኑርሁሴን አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ለብርቄ ሰጣት።

ከሰጣት በኋላ ግን ማሽኑን ትቶ ተከተላት። «ስንት ጊዜ የተሸከመልኝ መጽሐፍ ነው፣ ምን እንደሚል ልስማ» አለ። ጥላዬ ወንበሩን ተሸክሞ ተከተለ። ቲቸርም፣ አቶ ጌዴዎንም፣ ሐሊማም፣ ጋልማም ግመሏን እየጎተተ ተከተሉ፤ ጠባቂው ገመዱን አንሥቶ አሳለፋቸው። ቀኑን ሙሉ ስለ ሰውዬው ሲሰሙ ውለው መውጣት አለመውጣቱን ሳያውቁ ማን ይተኛል? ጎረቤትም ይህን ሲያይ ምን መጣ ብሎ ወጣ።

ደባልቄ አልጋው ላይ ሆኖ የእግር ኮቴ ሰማ። ግቢው ሞላ፣ ቤቱ ሞላ። ሰዉ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል፣ ወንበር ይገባል፣ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ትስባለች። ቤት እንዲህ የሚሞላው በምን ቀን እንደሆነ ያውቃል። ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ብርቄ» አለ በቀስታ። «ሞትኩ እንዴ?»

«አልሞትክም፣ መጽሐፍ ሊሰሙ ነው የመጡት» አለችና እጁን ያዘች። ውጭ መኪናው ደርሶ ጥሩምባ ነፋ፤ ማንም አልዞረም። ብርቄ ሁለተኛውን ቅጽ ገልጣ ማንበብ ጀመረች።

ደራሲው ግን ከወንዙ አልጀመረም። ቤቷ ተቀምጣ ባሏን ስለምትጠብቅ ስለ ነጋዴው ሚስት ነው የጀመረው። ሰዉ አጉረመረመ። «ወንዙስ?» አለ ኑርሁሴን። «ገጽ ዝለይ!» አለ ጋልማ።

«ዝም በሉ» አለ ደባልቄ። «ሚስትየዋን እንስማት።»

ሚስትየዋ ተነሣች። በሩን ክፍት ትታ፣ ያየችውን ሁሉ እየጠየቀች፣ አንዱ ወዲህ ሲላት አንዱ ወዲያ ሲላት ወንዙ ዳር ደረሰች። እዚያ አሸዋው ላይ ነጋዴው ተዘርሮ ውሃ ይተፋል። በቅሎው አውጥቶታል፤ አጠገቡ ቆሞ ሣር ይግጣል።

ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ሐሊማ ጥላዬን አቀፈችው፣ ማን እንደሆነም አታውቀው። ደባልቄ ግን በጣቱ የብርቄን እግር ፈለገ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ መልበሱን ዳሰሰ።

«ቀኑን ሙሉ የት ዋልሽ?» አላት።

ብርቄ ልትነግረው አፏን ከፈተች። መኪና፣ ወንዝ፣ እግር፣ ወንበር፣ ግመል፣ ጨው፣ ጓንት፤ ከየት እንደምትጀምር ጠፋትና አፏን መልሳ ዘጋችው።

«ተይው፣ መንገድ ላይ ትነግሪኛለሽ» አለ ደባልቄ። «ጫማዬን አምጪልኝ።»

እኔም የያዝኩትን የወሬ ጫፍ ለቀቅሁ። ያልገባው ካለ ልብስ ሰፊውን ይጠይቅ።