የጽዳት ሠራተኛዋ ግለ ሂስ

በሰኔ መጨረሻ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ወንድይፍራው ሠራተኛውን ሁሉ ለዓመቱ ግምገማ ሰበሰቡ። በሪፖርታቸውም፣ በየትምህርት ቤቱ ቧንቧ ገብቶ ውሃው ሌት ተቀን ይፈሳል ብለው አነበቡ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ጀርባዋን የላጠው ጀሪካን ትዝ አላትና ሳቋ አመለጣት።

"አንቺ! ተነሺና ግለ ሂስሽን አቅርቢ። ጥፋቷን ያላመነች ለመስከረም ሥራ የላትም" አሉ ኃላፊው።

ሪፖርቱ ሐሰት ነው ብትል መባረሯ ነው፤ ዝም ብትልም ያው ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

"አምናለሁ፣ ጌታዬ። እርስዎ ያስገቡት ቧንቧ እያለ፣ እኔ ሞኟ ዓመቱን ሙሉ ከወንዝ ስቀዳ ከረምኩ። አሁንም ያለበትን ያሳዩኝና ልታረም።"

አዳራሹ በሳቅ ሲናወጥ ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ግለ ሂሷ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ወደሚቀጥለው እንለፍ።"