ሲስተም ሄዷል

አንድ አጥናፉ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራ ነበር። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ደግሞ ከእጁ ይፈጥናል። የሆስፒታሉ የሕሙማን ካርድ ሁሉ ከወረቀት ተገልብጦ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ነበርና፣ ኃላፊው ጠርቶ «ይህን መዝገብ ሌባ ሰብሮ እንዳይገባበት እስቲ ፈትሽልኝ» አለው።

አጥናፉ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ያውቃል። የኮምፒውተርን በርና መስኮት እየነካካ የላላውን የሚያሳይ፣ ለፈታሾች ተብሎ የተሠራ ሲስተም አለ። ያው መሣሪያ ታዲያ አያያዙን ካላወቁበት ራሱ በር ሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ድሮ አስተማሪው ደወለ።

«በኮምፒውተርህ ላይ እንዲሁ እንዳትጭነው» አሉት አስተማሪው። «ውስጡ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር ፍጠርና እዚያ ጫነው። ቤት ውስጥ ቤት መሥራት በለው፤ ውስጥ የተበላሸ እዚያው ይቀራል። ከመጀመርህ በፊት ደህናውን መልኩን አስቀምጥ፤ ቢበላሽ በአንድ ቁልፍ ወደ ነበረበት ትመልሰዋለህ። ከሆስፒታሉ መስመር ጋር ግን አደራ እንዳታገናኘው! አጥሩን ዝጋ።»

«ኧረ ቲቸር፣ ይሄ ለኔ ይነገራል?» ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ምናባዊውን ኮምፒውተር ፈጠረ፤ ቦታ ቆርሶ ሰጠው፤ ሲስተሙን ጫነበት፤ ደህናውንም መልክ አስቀመጠ። ከጎኑ የሙከራ ጥቃት የሚቀበል ሌላ የመለማመጃ ምናባዊ ኮምፒውተር አዘጋጀ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነው። የቀረ ነገር ከኢንተርኔት ላውርድ ሲል ግን አጥሩ ከለከለው። «ለአምስት ደቂቃ ምን ይመጣል?» አለና ከሆስፒታሉ መስመር ጋር አገናኘው። የፈለገውን አወረደ። መልሶ መዝጋቱን ረሳው።

ከዚያ የሙከራ ጥቃቱን ለቀቀ። ጥቃቱ ወደ መለማመጃው የሄደ መሰለው። የመለማመጃውና የሆስፒታሉ መዝገብ የመስመር ቁጥር አንድ ዓይነት ነበርና፣ ጥቃቱ በተከፈተው አጥር ወጥቶ ያረፈው መዝገቡ ላይ ነው።

«አጥናፉ! ኧረ አጥናፉ!» የካርድ ክፍሏ እትዬ ዘርትሁን ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። «ካርዱ ሁሉ ጠፋብኝ! ማዋለጃ ክፍል ያለችው ትርንጎ ራሷን ስታለች። በፊት ስትወልድ አንድ መድኃኒት ጉሮሮዋን ዘግቶ ሊገድላት ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ያለው ካርዷ ላይ ነው። ዶክተሯ መርፌ ይዛ ቆማለች። ምን ልበላት?»

አጥናፉ ወደ ስክሪኑ ዞረና አጥሩ አሁንም ክፍት መሆኑን አየ። ክው አለ። ምላሱ ግን የለመደችውን አላጣችም።

«ሲስተም ሄዷል በሏት። አሁን ይመጣል።»

እኛ አገር ይህ ከተባለ ማን «ወዴት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል? በየመሥሪያ ቤቱ ሰምተነው፣ እሺ ብለን፣ መቀመጫ ፈልገን እንጠብቃለን። ዶክተሯም ጠበቀች።

አጥናፉ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። መዝገቡን ለመመለስ ያልነካካው ነገር አልነበረም። ድንገት መመለሻዋ ቁልፍ ትዝ አለችው። ተጫናት። ስክሪኑ ብልጭ አለና ምናባዊው ኮምፒውተር ልክ እንደ ጠዋቱ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ተመስገን ብሎ ተነፈሰ። ወዲያው ከታች የእትዬ ዘርትሁን ድምፅ መጣ።

«ኧረ አልመጣም!»

የተመለሰው ውስጠኛው ቤት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ፍርሃቱ ባሰበት። ብናገር እባረራለሁ፤ ምናልባትም እታሰራለሁ፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ እስከ ማታ እጠግነዋለሁ አለ በልቡ። እስከ ማታ! ትርንጎስ? ሰዓቱን ቢያይ ሩብ ሰዓት አልፏል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ትርንጎ ግን እስኪያድር የምትጠብቅበት ጊዜ አልነበራትም።

በሩን ከፍቶ ወደ ማዋለጃ ክፍል እየሮጠ ወረደ።

«ዶክተር፣ ሲስተሙ አልሄደም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ዛሬ አይመለስም፤ አይጠብቁት።»

«ሩብ ሰዓት ሙሉ ይመጣል ብለህ አስቆምከኝ?» አለች ዶክተሯ። መልሱን አልጠበቀችም። «እትዬ ዘርትሁን፣ መድኃኒቱን እናቷ ያውቁት ይሆናል፤ በባጃጅ ያስመጡልኝ፤ ቶሎ!»

የእናቲቱ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ነጠላቸው እየተጎተተ ደረሱና ከበሩ ላይ የመድኃኒቱን ስም ጮኸው ተናገሩ። ዶክተሯ እጇን አየች። መርፌው ውስጥ ያለው እሱ ነበር። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ «ከዚህ በላይ አልጠብቅም» ብላ ትወጋት ነበር። ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችውና ሌላ አዘዘች።

ትርንጎ ወደ አመሻሹ ዓይኗን ገለጠች። አጥናፉም የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ለኃላፊው አስረክቦ ሲወጣ እትዬ ዘርትሁንን ኮሪደሩ ላይ አገኛቸው።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አጥሩን ረስቼው ነው» አላቸው።

«አጥሩንስ መርሳት የሰው ነው» አሉት። «እኔን ውሸትህን አሸክመህ ወደ በሽተኛዋ መላክህ ነው የከፋኝ።»



ወዳጄ፣ መመለሻ ቁልፍ ያላት የሙከራዋ ዓለም ብቻ ናት። አጥር ጥሶ ሰው ላይ የደረሰ ጥፋት በቁልፍ አይመለስም፤ ሊደርስበት የሚችለው ቶሎ የተነገረ እውነት ብቻ ነው። ፈርተን የምንዋሸው ውሸት ደግሞ ሌላውን ሰው መርፌ አስይዞ ያስጠብቃል።

ለመሆኑ አንተስ «አሁን ይመጣል» ብለህ ያስቆምከው ሰው አለ? እስካሁን እየጠበቀህ ይሆን?