የግንበኛው ልጅ ሳል

«አንድ ግንበኛ ነበረ» አሉ ሼህ እንድሪስ፣ ይማም ጥያቄውን ጠይቆ ገና ሳይቀመጥ።

ይማም የሁለት ልጆች አባት ነው። ልጆቹ ባሉበት አታጭስ በሚል ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ፣ ፊቱ እንደጠቆረ ነበር የመጣው። «ሼሃችን፣ ሳንባው የኔ፣ የሚጎዳውም እኔው። ታዲያ ልጆቼን ምን በደልኳቸው?» አላቸው። ሼሁ በደልክም አልበደልክም አላሉትም። ይህን ነገሩት።

አንድ ግንበኛ ነበረ። እጁ ሥራ ያውቃል፤ እሱ ያቆመው ግድግዳ አይዘምም። አምስት ዓመት የሆናት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ከሥራ ሲመጣ ከጭኑ አትወርድም። እሱም እሷን እንዳቀፈ ሲጋራውን ለኩሶ ውሎውን ለሚስቱ ያወራል። የራሱም አባት እንዲሁ ነበር ያሳደገው።

አንድ ክረምት ልጅቱ ማሳል ጀመረች። ክረምቱ ወጣ፣ ሳሉ አልለቀቃትም። ስትተኛ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ከልጆች ጋር ስትሮጥ መሀል ላይ ቆማ ጉልበቷን ትይዛለች። ጆሮዋንም እያመማት ታለቅሳለች። ግንበኛው መቀመጫ አጣ። ብርድ መቷት ነው አለና፣ ግንበኛ ነውና፣ ስንጥቅ ፍለጋ ተነሳ። ቤቱን ዞሮ ዞሮ እያንዳንዱን ሽንቁር በሲሚንቶ ደፈነ። በጣሪያውና በግድግዳው መሀል ያለውን ክፍተት ዘጋ። መስኮቱ ላይ ላስቲክ ወጠረ፣ በሩ ሥር ጨርቅ ጎሰጎሰ። ነፋስ የሚገባበት ሲጠፋ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ትንፋሿን ያዳምጥ ጀመር። ሲያዳምጥ ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ ያጨሳል።

ሳሉ ባሰ። እንግዲያው አቧራ ነው ብሎ ምንጣፉን አወጣ። ድመቷን ለጎረቤት ሰጠ። ፍራሿን ለወጠ። ሥራ ላይ ሆኖም ልቡ አያርፍም፤ ያስቀመጠውን ድንጋይ መልሶ ያነሳዋል፣ ያነሳውን መልሶ ያስቀምጠዋል። በምሳ ሰዓት ወደ ቤት ይሮጥና ደረቷ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ይመለሳል። ሚስቱ አንድ ቀን፣ ሲጋራው ይሆን እንዴ ብላ በቀስታ ጠየቀችው። አባቴ ስምንት ልጅ በጭስ መሀል አሳድጓል፣ ማን ሞተ ብሎ አፏን አስያዛት።

ጤና ጣቢያ ይዟት ሄደ። ያየቻት ሐኪም፣ ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ ወይ አለችው። በር ላይ ቆሜ ነው የማጨሰው አላት፤ እሱም ቢሆን ሁልጊዜ እውነት አልነበረም። ሐኪሟ ጭሱ በር ላይ እንደማይቀር፣ የልጅ ሳንባ ገና እያደገ ስለሆነ ቶሎ እንደሚጎዳ፣ የጆሮዋም ሕመም ከዚያው ሊመጣ እንደሚችል አስረዳችው። እሱ ግን በጆሮው የገባው መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ብቻ ነበር። ወጥቶ ግቢው በር ላይ አንድ ለኮሰ።

በመጨረሻ ሚስቱ ልጅቱን ይዛ፣ ከከተማው በላይ ተረተሩ ላይ ወደምትኖረው እህቷ ሄደች። ግንበኛው ሥራ ይዞት ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ አላስችለው ሲል ዳገቱን እያለከለከ ወጣ።

እዚያ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ያየው ግድግዳውን ነው። የግድግዳው ጭቃ ረግፎ እንጨቱ ይታያል፤ በአንዱ ወገን የገባ ነፋስ በሌላው ይወጣል። ልጄን እዚህ ልትገድያት ነው ብሎ ሚስቱን ተቆጣ። ጭቃ እንዲቦካለት አዘዘና ሲጋራ ለኩሶ ከሽንቁር ሽንቁር እየዞረ ያይ ጀመር። በአንዱ ሽንቁር አሾልቆ ደጅ ያለችውን ልጁን አያት። ከአክስቷ ልጆች ጋር ሽቅብ ቁልቁል ትሮጣለች። ቆሞ ሳሉን ጠበቀ። ሳሉ አልመጣም።

አባቷ መምጣቱን ስትሰማ እየበረረች ገባች። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ግን ቆመች። ደረቷ እስኪሞላ አየር ሳበች፣ አፏን ገጠመች፣ ጉንጮቿ ተነፉ። እንዲያ እንደሆነች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ለቀቀችውና ወደ ደጅ ሮጣ እፎይ ብላ ተነፈሰች። ጨዋታ መሰለው። ምን እየተጫወትሽ ነው አላት።

«ጨዋታ አይደለም» አለችው። «አንተን ሳቅፍህ ትንፋሼን እይዛለሁ። ያኔ አያስለኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቤታችንም እይዝ ነበር። ግን አንተ እስክትወጣ ድረስ አልችልም።»

የተቦካው ጭቃ መጣለት፣ አላየውም። ግንበኛው ሲጋራውን ደጅ አውጥቶ በጫማው ረገጠና ለማንም ሳይናገር ቁልቁል ወደ ቤቱ ወረደ። በሲሚንቶ የደፈነውን ሁሉ በመዶሻ ፈለፈለው። ላስቲኩን ቀደደ። መጋረጃውን አውርዶ ሲዘፈዝፈው ውሃው እንደ ሻይ ቀላ። አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ያን ውሃ ብዙ አየው።

መተው ግን ቀላል አልሆነለትም። እጁ ኪሱን ይዳብሳል፤ በሆነው ባልሆነው ሠራተኞቹን ይቆጣል። አንድ ቀን ተሸነፈና ከሥራ ጓደኛው ተቀብሎ አጨሰ። ያን ቀን ገላውን ሳይታጠብ፣ ልብሱን ሳይቀይር ቤቱ አልገባም። እንዲህ እየወደቀ እየተነሳ በሦስተኛው ወር ተወ፤ ሚስቱም ልጅቱን መለሰች። ሳሉ ባንድ ጊዜ አልጠፋም። ብርድ ሲመጣ ዛሬም ደረቷ ሲር ይላል፣ መድኃኒቷም ከራስጌዋ አይጠፋም። ግን ትሮጣለች። ትንፋሿን መያዝ ግን ለምዶባት ነበርና አባቷን ባቀፈች ቁጥር መያዟን አልተወችም። እሱም ተይ አላላትም፤ ምን አፍ አለኝ ብሎ። እጁን ዘርግቶ፣ ጉንጮቿ ሲነፉ እያየ፣ ቀጥሎ የመጣውን ክረምት በሙሉ ጠበቃት።

ሼህ እንድሪስ ነገራቸውን እዚህ ላይ አቆሙ። ይማም አላስችለው አለና፣ ኋላ ተወች ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ተወች» አሉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ። «አየህ ልጄ፣ ያ ሰው ልጁን የሚጠላ አልነበረም። አንተም ልጆችህን እንደምትወድ አውቃለሁ። ሳንባው የኔ ነው አልከኝ፤ ልክ ነህ። ጭሱም አፍህ ውስጥ እስካለ ድረስ ያንተ ነው። ከአፍህ ከወጣ በኋላ ግን ቤትህ ውስጥ ለሚተነፍስ ሁሉ ነው። ሚስትህ ትቆጣሃለች፤ ልጆችህ ግን አይቆጡህም። ስለሚወዱህ ጭሱ ውስጥ ገብተው ያቅፉሃል። ምን በደልኳቸው ብለህ እኔን አትጠይቀኝ። ዛሬ ቤትህ ስትገባ ወዳንተ ሲመጡ፣ እንዴት እንደሚተነፍሱ ቆመህ እያቸው።»