የአያ ዝንጀሮ ዱባና የእመት ጃርት «ቅል»

ልጆችም አዋቂዎችም ጠጋ በሉ፤ እግዜር ጆሮ የሰጠን እንድንሰማበት ነው። ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ እንደ ሰው ማሳ ይዞ በሚያርስበት ዘመን፣ ስሙ የተረሳ አንድ አገር ነበረ። በዚያ አገር ከተራራ የምትወርድ አንዲት ምንጭ ነበረች፤ በአንዲት ቦይ እየተመራች ማሳውን ሁሉ ታጠጣለች። በጋ ሲገባ ቦዩን የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ለማን ቀድሞ ለማን ቆይቶ እንደሚደርስ የሚወስን አንድ የውሃ አባት ይሾማል።

ሹመቱ ታዲያ በጉልበት አይደለም፤ በዘርም አይደለም፤ በዱባ ነው። ለኅዳር ሚካኤል ሁሉም ያሳደገውን ዱባ እያንከባለለ ከሾላው ዛፍ ሥር ይመጣል። ከቅርንጫፉ ላይ ረጅም አጣና ይንጠለጠላል፣ በሁለቱ ጫፍ ቁርበት ይታሰራል፣ ዱባ ከዱባ ይመዘናል። ዱባው የከበደለት የዓመቱ የውሃ አባት ነው።

አያ ዝንጀሮ ይህን ሹመት ከያዘ ቆይቷል። ማሳው ከቦዩ አፍ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚያጠጣው እሱ፣ ጠጥቶ ሲጠግብ ደግሞ የሚያጠጣው እሱ። ከታች ያሉት የተረፈውን ይለቃቅማሉ። ሹመቱ ከእጁ የወጣ ዕለት ምን እንደሚጠብቀው አሳምሮ ያውቃል፤ በሌሎቹ ላይ ያደረገውን ያስታውሰዋላ።

ስለዚህ ዱባውን የሚያሳድገው እንደ ንጉሥ ልጅ ነበር። ፀሐይ እንዳይመታው ዳስ ይጥልለታል፣ ሲበርድ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ያለብሰዋል፣ ከሐረጉ ሥር ወተት ያፈስለታል። ልጆቹ ወተት አማረን ሲሉት፣ «ዱባው ይጠጣ። እናንተ ብትወፍሩ ማን ይመዝናችኋል?» ይላቸዋል።

ከቦዩ ጭራ ላይ ደግሞ እመት ጃርት ትኖር ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ልጆች የበዙባት ናት። ቀደም ሲል በየሰው ማሳ እየገባች ዱባ ስትበላ ነበር የምታድረው፤ ኋላ ንስሐ ገብታ የራሷን መዝራት ጀመረች። ውሃው እሷ ዘንድ ሲደርስ እንባ ነው የሚያህለው፤ እንግዲህ እግዜር አዝኖ የሰጣትን ዝናብ ብቻ ይዛ አንድ ዱባ አበቀለች። ምን አበቀለች ትላላችሁ፤ በጎጆዋ በር የማይገባ፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ የጠቆረ አረንጓዴ ዱባ።

የሚካኤል ዕለት እያንከባለለች አመጣችው። ከአያ ዝንጀሮ ቢጫ ዱባ ጋር ሲመዘን የሷ መሬት ላይ ዘፍ አለ፤ የሱ ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ወፍ ጎጆ ተንጠለጠለ።

አያ ዝንጀሮ የሷን ዱባ አንድ ጊዜ ዞረው። ዓይኑን ወዲያ ወዲህ ሲያንከራትት የዱባው ቆዳ ላይ አረፈ።

«ቆይ ቆይ» አለ። «ይሄ አረንጓዴ አይደለም እንዴ? ዱባ ቢጫ ነው። አረንጓዴ ከሆነማ ቅል ነው። አባቶች ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ያሉት ለምን ይመስላችኋል? እኔ ምን አልኩ፤ ሕጉ ነው ያለው።»

«ቅል?» አለች እመት ጃርት። «አያ ዝንጀሮ፣ ይህ እኮ ያንተው ዘር ነው። አምና ከማሳህ ከበላሁት ፍሬ አስቀርቼ ነው የዘራሁት።»

«ይኸው ሌባነቷን በአፏ ተናገረች።»

«ሌባስ ነበርኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግን ያኔ ስትከሰኝ ዱባዬን በላችብኝ ነበር ያልከው። ቅሌን በላችብኝ አላልክም።»

ጉባኤው ሊስቅ ብሎ አያ ዝንጀሮን አየና ሳቁን ዋጠው። ማሳቸው ሁሉ ከሱ በታች ነው። አጋዘኑም፣ ከርከሮውም፣ ጥንቸሏም አንገታቸውን እየነቀነቁ «ልክ ነው፣ ልክ ነው፣ ቅል ነው» አሉ። እመት ጃርትም እንዳይከፋት ብለው ከሣር የተጎነጎነ አክሊል አደረጉላት፤ ከቅሎች ሁሉ አንደኛ ነሽ አሏት። አክሊሉን ደፍታ ወደ ደረቅ ማሳዋ ሄደች። በዚያ በጋ ልጆቿ ሥር እየቆፈሩ አደሩ።

ዓመቱ ዞረና እመት ጃርት ዳግመኛ ዘራች። የዘሩን ነገር የሚያውቅ እግዜር ነው፤ ከዚያው ከአረንጓዴው ፍሬ የበቀለው በዚህ ዓመት ቢጫ ሆነ። መጠኑማ ያው ነው። አያ ዝንጀሮ በአጥር ቀዳዳ አጮልቆ አየውና በየቀዳዳው እየዞረ እንከን ይፈልግበት ጀመር። ኋላ ሐረጉ ከተቆረጠበት በኩል ጣት የምታህል አረንጓዴ መስመር አገኘበት። ያኔ ነፍሱ መለስ አለች።

ወዲያው የዳኝነቱ ሽማግሌ ወደሆነው ወደ አባ ኤሊ ሄዶ ሕጉ ላልቷልና ይጥበቅ አለ።

«እንዴት ይጥበቅ?» አለ አባ ኤሊ።

«ዱባ ማለት ዙሪያውን ቢጫ የሆነ ነው። በየትም በኩል ሌላ ቀለም ከተገኘበት ቅል ነው።»

«በየትም በኩል?»

«በየትም።»

አባ ኤሊ አንገቱን ወደ ጀርባው ድንጋይ ሳብ አድርጎ እሺ አለ። ሕጉ በአገሩ ተለፈፈ።

አያ ዝንጀሮ ግን ይህም አላስተኛውም። ጉባኤው ምናልባት ቢያዝንላትስ? ስለዚህ ዱባውን ገልብጦ ከሆዱ ላይ ክዳን የሚያህል ቆረጠ፤ ውስጡን ዛቀና የወንዝ ድንጋይ ሞላበት፤ ክዳኑን መልሶ በሰም አጣበቀው። ሚስቱ ቆማ ስታየው ቆየችና፣ «ሲወልድ ጥራኝ» ብላው ወደ ቤት ገባች።

የሚካኤል ዕለት ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አባ ኤሊ ከሚዛኑ በፊት ሕጉ ይታይ አለ። መጀመሪያ የእመት ጃርት ተንከባለለ፤ አረንጓዴዋ መስመር ታየች። «ቅል ነው» አለ አያ ዝንጀሮ፤ «እኔ ምን አልኩ፤ ሕጉ ነው ያለው።» የአጋዘን ዱባ ተገለበጠ፤ መሬት ላይ የተኛበት ሆዱ ፀሐይ አላየምና ነጣ ብሎ ተገኘ። ቅል ነው ተባለ። የከርከሮ ተገለበጠ፤ የሱም ሆድ እንደዚያው። የጥንቸልም እንደዚያው። እስከ ትናንት ዱባ ሲያሳድግ የከረመው ሁሉ ቅል ታቅፎ ቀረ። አያ ዝንጀሮ ደስታው እግሩን አላሳርፍ አለው፤ በአገሩ የቀረው ዱባ የሱ ብቻ ነዋ።

«አሁን ያንተ ይገልበጥ» አለ አባ ኤሊ።

«የኔ? የኔማ ምን ያደርጋል፤ ይታወቃል እኮ» አለ አያ ዝንጀሮ። ዱባው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። «ደግሞስ የተከበረ ዱባ የተቀመጠበትን ያሳያል እንዴ? ነውር ነው።»

«በየትም በኩል ብለሃል።»

«ብያለሁ፤ ግን...»

«እኔ ምን አልኩ» አለ አባ ኤሊ፣ «ሕጉ ነው ያለው።»

ከርከሮ በአፍንጫው ገፋ አደረገው። ዱባው ሲዞር ውስጡ ተንኳኳ። ሰሙ በፀሐይ ቀልጦ ኖሮ ክዳኑ ወለቀ፤ ድንጋዩ እየተንጋጋ ወርዶ በአያ ዝንጀሮ እግር ጣት ላይ አረፈ። እሱ አንድ እግሩን ይዞ ይዘል ጀመር።

«ይህስ ዱባ ነው ወይስ ቅል?» ሲል ጠየቀ አባ ኤሊ።

«ይህማ ካብ ነው» አለች እመት ጃርት።

ያኔ የዓመታቱ ሳቅ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ሕጉ በዚያው ቀረ፤ ሚዛን ይፍረድ ተባለ። የእመት ጃርት ዱባ የሁሉንም አንድ በአንድ ወደ ላይ አነሳና የውሃ እናት ተባለች። እነዚያው አምና ቅል ነው ያሉት ከበዋት፣ እኛ እኮ ያኔም ዱባ መሆኑን አላጣነውም፣ ጊዜው ነው እንጂ፣ ይሏት ጀመር። ጥንቸልማ ከሁሉ ቀድማ፣ ዘንድሮ ዱባ የሚባለው የትኛው ቀለም ነው፣ አስቀድመሽ ንገሪኝና እሱን ልዝራ ብላ ጠየቀቻት።

«ድስት ውስጥ የሚበስለው» አለቻት እመት ጃርት፤ ወደ ቦዩም ወረደች። በዚያ በጋ ውሃው ከጭራው ማሳ ጀምሮ ወደ ላይ ተራ በተራ ተከፈለ። አያ ዝንጀሮም ከቦዩ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ውሃው በደጁ እየዘፈነ ሲያልፍ እያየ፣ ተራው እስኪደርስ ጠበቀ።

ለዚህ ነው አባቶቻችን፦ በሰው ላይ ያጠበቁት ሕግ፣ ዞሮ የራስን ሆድ ይፈልግ፣ የሚሉት።